ለጨፌ የሚተላለፍ ሰላምታ

የዩኒቨርሲቲያችን ቴሌቪዥን ጣቢያ ደሴ ነው፤ አንቴናው ግን ጦሳ ተራራ አናት ላይ ነው። አንቴናውን የተከልሁት እኔ ነኝ። እርግጥ መሐንዲሶችም ነበሩ፤ ገመድም የጎተቱ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን "ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ!" እያለ የሚጮህ ሰው ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ተጋድሞ ይቀር ነበር። የጮህሁት እኔ ነኝ።

ጣቢያው የተከፈተው ለጨፌ ሰዎች ነው። ጨፌ ከደሴ ወዲያ ባለው ሐይቅ መካከል ያለች መሬት ናት። በበጋ አንዲት ቀጭን መንገድ ከየብስ ጋር ታገናኛታለች፤ ክረምቱ ሲበረታ ውሃው መንገዱን ይውጥና ደሴት ትሆናለች። ያን ጊዜ ያለ ታንኳ አይገባባትም፣ ከእሷም አይወጣም። ዩኒቨርሲቲው እነዚህን ሰዎች ላገልግል ብሎ ስለ ወባ፣ ስለ ዘርና ስለ መረብ የሚያስተምሩ ምሁራን ሰበሰበ። ማንም አላያቸውም። ጨፌ ቴሌቪዥን ማየት የጀመረችው እኔ የምሽቱን የሰላምታ ፕሮግራም ስይዝ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የሚሠሩ የጨፌ ልጆች ካሜራ ፊት ቆመው ለአገራቸው ሰላምታ ይልካሉ፤ ጨፌዎች ደግሞ ስልክ ደውለው ይመልሳሉ። የእኔ ድምፅ ሲሰማ ዓሣው ሳይቀር ወደ ዳር ይወጣል ይባላል። መጀመሪያ ያልሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ግን ሰዉም ይለዋል።

በደሴቲቱ ያለው አንድ ቴሌቪዥን ነው፤ በፀሐይ ኃይል ይሠራል። የተቀመጠው የምስራች እናት ቤት ነው። የምስራች ሚስቴ ናት። ነበረች አልልም። አኩርፋ ነው የሄደች።

የሄደች ቀን በር ላይ ቆማ፣ "ካንተ ጋር መኖር ከአሥር ሰው ጋር መኖር ነው፤ ዘጠኙ ግን የሉም" አለችኝ። ለጎረቤት ሁሉ ፎቅ ልሠራላት ነው ብዬ አስወርቼ ነበር። ድንጋይ አምጥቼ ደጃፍ ላይ ከምሬም ነበር፤ ማለቴ፣ አንድ ጋሪ። ድንጋዩ ላይ ሣር በቀለ። ቢሆንም ያን የመሰለ ሣር ደሴ ውስጥ የለም።

ሚስት አኩርፋ ወላጆቿ ቤት ስትገባ ባል ሽማግሌ ይልካል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን አንድ ሙሉ ቴሌቪዥን ጣቢያ በእጄ እያለ ሦስት ሽማግሌ ልለምን? በየምሽቱ ራሴ ቤቷ ስገባ!

ይህንኑ ለጣሀ ነገርሁት። ጣሀ ከሐይቅ ዓሣ ጭኖ ደሴ ሰኞ ገበያ የሚያራግፍ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ የጨፌን ወሬ የማገኘው ከእሱ ነው።

"አያ ይስማው፣ አንተ ሽማግሌ አትልክም?"

"በየማታው ቤቷ እገባለሁ እኮ።"

"ሌባም ይገባል፤ ወላሂ። ማን ታረቀው?"

"ታየኛለች ወይ? እሱን ንገረኝ።"

"ቴሌቪዥኑ ቤቷ ነው፣ የት ትሂድልህ? አንተ ስትመጣ ጀርባዋን ሰጥታ መረብ ትጠግናለች።"

"ድምፁን ትቀንሰዋለች?"

ጣሀ የዓሣ ቅርጫቱን እንደያዘ አሰበ። "እሱንስ አትቀንሰውም" አለ።

በዚያች ቃል ብቻ አንድ ክረምት ሙሉ ኖርሁባት። እህል አልቀመስሁም ብል ማን ያምነኛል? ቀምሻለሁ። ግን ጣዕሙ አይታወቀኝም ነበር።

የምስራች ስሜን ጠርታው አታውቅም። በእነሱ አገር ሴት የባሏን ስም አፏ ውስጥ አታስገባም፤ ነውር ነው። "ሰማህ ወይ" ትለኛለች። ሰው "ባልሽ ማን ይባላል?" ሲላት በአገጯ ታመለክተኛለች። ያን አገጭ መግለጽ አልችልም፤ እኔ አልችልም ካልሁ ማንም አይችልም። ከባሏ የተቆራረጠች ሴት ግን ስሙን እንደ ማንም ባዳ ትጠራዋለች። "ስሙን ጠራችው" ከተባለ አበቃ፤ ሽማግሌም አይመልሰው።

ታዲያ ልቧን እንዴት ልወቅ? ደንብ አወጣሁ። ከጨፌ የሚደውል ሰው ሁሉ ሰላምታውን ከማስተላለፉ በፊት የአቅራቢውን ስም ይጥራ። ለጣቢያችን ኃላፊ ለዶክተር ያዕቆብ "ዓለም አቀፍ አሠራር ነው" አልሁት። አመነኝ፤ ወይም ከእኔ ጋር መከራከር ደክሞት ነው።

ጨፌዎች ግን ወዲያው ገባቸው። ሽማግሌው ሁሉ እየሳቀ ይደውላል። "ጤና ይስጥልኝ ጌታው ይስማው! እኛስ ጠራንህ፤ ጀርባዋን የሰጠችህ ግን ዛሬም ዝም ናት!" ከኋላው ሙሉ ቤት ሲስቅ ይሰማኛል። በዚያ ሳቅ መካከል አንድ የማውቀው ሳቅ እንዳለ አዳምጣለሁ። የለም።

እንዲህ ስንል ነሐሴ ገባ። አንድ ምሽት ደሴ ላይ ዝናብ ወረደ፤ የኖኅ ዝናብ ከእሱ ጋር ሲተያይ ካፊያ ነው። ስልኩ ጠራ።

"ሃሎ" አለች።

ጦሳ ተንቀጠቀጠ። ካሜራ የያዘው ሚስባህ እስከ ዛሬ ነጎድጓድ ነው ይላል።

"ከጨፌ ነው። ለእህቴ ለትርፌ ነበር፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ለምትሠራው…"

"ስሙን! መጀመሪያ ስሙን ጥሪ!" ከኋላዋ ቤቱ ሙሉ ጮኸ። "ደንብ ነው! እኛ ጠርተን የለም ወይ!"

"ዝም በሉ እስቲ! ነገሩ የቀልድ አይደለም።" ጮኸችባቸው። "ትርፌ ነገ ማለዳ እመጣለሁ ብላለች። ስልኳ አይሠራም። ይህን ፕሮግራም ግን ታያለች።"

"ስሙን!"

ዝናቡን በእሷም በኩል በእኔም በኩል እሰማዋለሁ። ከዚያ ለእኔ፣ ለቤቱ ሳይሆን ለእኔ፣ ቀስ ብላ፣

"ግድ ነው?" አለች።

ዶክተር ያዕቆብ ከመስተዋቱ ወዲያ ቆሞ ያየኛል። ሚስባህ ካሜራውን ፊቴ ላይ አቅርቧል። ስንት ምሽት የጠበቅሁት ነገር ነው፤ ግድ ነው ብል ታወጣዋለች፤ ለእህቷ ስትል ታወጣዋለች። ትንፋሿን ስትስብ ሰማኋት። ስሜ እዚያ ትንፋሽ ውስጥ ተነሥቶ ሲመጣ ታወቀኝ።

"ግድ አይደለም!" አልሁ። ጮኼ ነው ያልሁት። "ኧረ በጊዮርጊስ፣ አትጥሪው! መልእክትሽን ተናገሪ።"

ቤቱ ጸጥ አለ።

"መንገዱ ዛሬ ተውጧል" አለች። "ከላይ ሲያዩት ሣር ይመስላል፤ ሥሩ ግን ውሃ ነው። እንዳትረግጠው። ዳር ላይ ትጠብቅ፤ ታንኳ እንልክላታለን። በቃ፣ ይኸው ነው።"

"ደርሷል" አልሁ። ሌላ ቃል አጣሁ፤ እኔ!

አልዘጋችውም። መስመሩ ላይ ትንፋሿ አለ።

"ደሴ ብርድ ነው" አለች። "ያ የለበስኸው ኮት ስስ ነው።"

ዘጋችው።

ወዲያው ስልኩ ደግሞ ጮኸ፤ የጨፌ ሽማግሌ ነው። "እኛን ክረምቱን ሙሉ አስጠርተህ፣ እሷን ማርሃት? ምን ዓይነት ደንብ ነው!" ዶክተር ያዕቆብም በጆሮ ማዳመጫዬ ገባ፤ "አቶ ይስማው፣ ዓለም አቀፉስ?"

"ተሻሽሏል" አልሁት።

ከዚያ ወደ ካሜራው ዞርሁ። "ትርፌ ሆይ" አልሁ፣ "ኮምቦልቻ ያለሽ፣ ነገ የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ የምትመጭ፤ እህትሽ የምስራች መንገዱን እንዳትረግጭ ብላለች። የምስራች ታንኳ ትልክልሻለች። ዳር ላይ ጠብቂ፤ ይህን ያለችው የምስራች ናት።" መልእክቱን እንደገና አነሣሁት፤ ሰው ሊሰምጥ ስለሚችል መደጋገሙ ተገቢ ነው። ትርፌ ግን በመጀመሪያው ሳይገባት አልቀረም። ሚስባህ ሰዓቱ አለቀ እያለ ጣቱን አንገቱ ላይ ያሳልፋል። እኔ አላየሁትም።

"የምስራች" አልሁ። የባል አፍ የሚስቱን ስም እንዳይጠራ የሚከለክል አገር የለም። "የምስራች ናት ያለችው። የምስራች።"