ሰልማን ከሚሴን ሊፈትን መጣ

ሰልማን ሐብሐብ እንኳ ሲገዛ በሦስት በኩል አንኳኩቶ፣ አሽትቶ፣ ከየት እንደመጣ ሻጩን አናዝዞ ነው። ሥራው ፍሪጅ ጥገና፣ ከተማው ኮምቦልቻ። ከሚሴ ሞቃት ስለሆነች ፍሪጅ ቶሎ ቶሎ ይበላሽባታል ብሎ እዚያ ሱቅ ሊከፍት ባሰበ ጊዜ፣ ባለቤቱ ዙቤይዳ እንዲህ አለችው፦

«ኢልሃም ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ትገባለች። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱንና ሰዉን አይተህ ና። ደሞ ማንንም ሳታስቀይም።»

ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ ሲያሰላስል፣ ሰው ሲጠየቅ ስለ አገሩ ደግ ደጉን ብቻ እንደሚያወራ ታየው። ስለዚህ አይጠይቅም፤ ይፈትናል። ከሚሴ መናኸሪያ እንደወረደ ጃንጥላውን አግዳሚ ወንበር ላይ «ረስቶ» እብስ አለ። አሥር እርምጃ ሳይሄድ አንድ የባጃጅ ሹፌር እየሮጠ ደረሰበት። «ወንድም፣ ጃንጥላህ!»

አመስግኖ ተመለሰና እንደገና ረሳው። አሁን ደግሞ ሙዝ የምትሸጥ ሴት ጮኸችበት። በሦስተኛው ጊዜ ግን ከቆመ አውቶቡስ ጀርባ መደበቅ ቻለ። ሰማያዊ ሂጃብ የለበሰች ሴት መጣች፤ ግራ ቀኙን አየች፤ ጃንጥላውን ብብቷ ሥር ከትታ ሄደች።

«ያዝኳት!» አለ ሰልማን። ደግ አገር ፍለጋ የመጣ ሰው፣ ሌባ በማግኘቱ ደስታው ወሰን አጣ።

በየግንቡ እየተለጠፈ ተከተላት። ሴትዮዋ አንድ ግቢ ገባች። ሰልማን ድንጋይ ላይ ቆሞ በአጥሩ አሻግሮ ቢያይ ትምህርት ቤት ነው፤ የከሰዓት ተማሪዎች ተሰልፈዋል፤ ሴትዮዋም ጃንጥላውን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ «ይህ መናኸሪያ የተገኘ ነው። ጃንጥላ የጠፋበት ሰው ብትሰሙ ወደዚህ ላኩት» ትላለች። አስተማሪ ናት። የበለጠ ለመስማት ተንጠራራ። ድንጋዩ ተንከባለለ፤ ሱሪው ከአጥሩ ሽቦ ተያዘ፤ ሰልማንም በተማሪው ሁሉ ፊት እንደ ካፖርት ተንጠለጠለ።

ዘበኛው አያ ጀይሉ ዱላቸውን ይዘው ደረሱ። «ኤኙ አቲ? ማነህ?»

ሰልማን የሚያውቀው ኦሮምኛ «ሰላም» ማለትን ብቻ ነበር። «ነጋያ! ነጋያ!» አለ እግሩን እያወራጨ።

«ነጋያ ሰውማ በበር ነው የሚገባ» አሉና አወረዱት። ሱሪው ግን ከኋላ እስከ ጉልበቱ ተተርትሯል።

አስተማሪዋ፣ መምህርት ሚስራ፣ ጃንጥላው የእሱ እንደሆነ ሲነግራት ምልክት ጠየቀችው።

«ጥቁር ነው።»

«ጥቁር ያልሆነ ጃንጥላ የት አለ?»

«ሲከፈት አንድ ጎኑ ይወድቃል።»

ከፈተችው፤ አንድ ጎኑ ወደቀ። «ታዲያ እንዴት ጣሉት?»

ሰልማን አንገቱን ደፋ። «አልጣልኩትም። የአገሩን ሰው ልፈትን ብዬ ነው።»

አያ ጀይሉ ዱላቸውን ተደግፈው ከላይ እስከ ታች አዩት። «እኛንስ ፈተንክ። አንተን ማን ይፈትንልን? በል ቤትህ ደውል።»

ደወለ፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረጉት። መምህርት ሚስራ ባልሽ እኛ ዘንድ ነው ብትላት፣ ዙቤይዳ «አስታግፊሩላህ! አጥር ላይ ወጥቶ ነው?» አለች። «ሊያገባኝ የመጣ ጊዜም የእናቴ ቤት ያፈሳል አያፈስም ብሎ ጣሪያ ላይ ነው የተያዘ።»

«ጠባዩስ?»

«ልቡ ወላሂ ንጹሕ ነው። በር አያውቅም እንጂ።»

ከዚያ ሁለቱ ሴቶች እሱን ረስተው ወሬ ያዙ። አንድ ክፍል ስንት ልጅ አለ? ሃምሳ ስምንት። ውኃስ? አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ኦሮምኛ የማታውቅ ልጅስ? በሁለት ወር ታቀላጥፈዋለች፤ የሚያስቸግረው አባትየው ነው። በአምስት ደቂቃ ሁሉም ተጣራ።

አያ ጀይሉ ሽርጣቸውን አዋሱትና ሱሪውን ሊሰፉለት ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሰልማን እስኪሰፋ ድረስ አንደኛ ክፍል፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተደረገ። ጉልበቱ ጆሮው አጠገብ ደረሰ። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያለ ከልጆቹ ጋር ቆጠረ። አራት ላይ ሲሳሳት ጎኑ የተቀመጠች ጥርሰ ወላቃ ልጅ ጠብቃ አረመችው፤ በትክክል ሲል ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበለት። ሱሪው ተሰፍቶ ቢመጣም ደወል እስኪደወል አልወጣም።

በወሩ ጓዛቸውን ጭነው ገቡ። ፍሪጁም እንዳሰበው ይበላሻል፣ አልሀምዱሊላህ። በሁለተኛው ወር ኢልሃም እራት ላይ አንድ ነገር በኦሮምኛ ተናግራ፣ አብራት ስታጠና የከረመችው ዙቤይዳም ገብቷት፣ እናትና ልጅ በሳቅ ፈረሱ።

«ምን አለች?» አለ ሰልማን።

ኢልሃም አባቷን በሐዘኔታ አየችው። «ነገ አብረን እንሂድና መምህርት ሚስራን ጠይቃት» አለችው።