የሽማግሌው ሽጉጥ

አባቴ አስር አለቃ ዳኜ የመንዝ ሞላሌ ፖሊስ ስለነበር፣ እኔን ለጋብቻ ለመጠየቅ የሚላክ ሽማግሌ ሁሉ ገና ደጃችን ሲደርስ ልመለስ አልመለስ እያለ ያመነታ ነበር። ባለፈው ዓመት ከዘመሮ የመጡትን ያባረራቸው ከአንደኛው በርኖስ ሥር የተደበቀ ሽጉጥ አይቶ ነው። «ልጄን ልትለምኑ ነው ወይስ ልትዘርፉ?» ብሎ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኛቸው። እውነቱን ለመናገር አላዘንኩም። የላካቸው ልጅ ሲስቅ እንደ ፍየል ነበር።

ዓምደ ሚካኤል ግን ሌላ ነበር። ገበያ ላይ የበግ ጠጉር የምገዛው ከእሱ ነው፤ ሁልጊዜ ለስላሳውን ለእኔ ያስቀርልኝ ነበር። ወደድኩት፤ ምን ላድርግ!

የእሱ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ጓዳ ገብቼ በመጋረጃው ቀዳዳ ዓይኔን ተከልኩ። ሦስት ናቸው። ፊት የቆሙት አጎቱ አቶ ኃይለ ኢየሱስ፣ የገበሬ ማኅበራቸው ሊቀመንበር ናቸው። ጋቢያቸው በቀኝ ወገባቸው በኩል አብጧል። ያኔ ደርግ ሊቀመንበሮቹን አስታጥቆ ስለነበር እብጠቱ ዳቦ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ።

«ጉድ ፈላ!» አልኳት እናቴን።

«ዝም በይ» አለችኝ፤ እሷም በሌላው ቀዳዳ እያየች ነበር።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ አባቴ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ኃይለ ኢየሱስ።

ወጉ ነው። አባት የመጡበትን ሰምቶ ዳግመኛ «ተቀመጡ» ካለ ልጅቱ ተሰጠች ማለት ነው። ካላለ፣ በመጡበት እግራቸው ይመለሳሉ።

አሁን እጅ ለመንሳት ጎንበስ ማለት ነበረባቸው። አቶ ኃይለ ኢየሱስ ግን ዱላቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቀጥ ብለው ቀሩ።

«አስር አለቃ፣ ከልመናዬ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ወገቤ ላይ ሽጉጥ አለ። የመንግሥት ነው፤ ቤት ጥየው ወጥቼ ቢጠፋ እታሰራለሁ። ለሽምግልና ብረት ይዞ መምጣት ነውር መሆኑንም አላጣሁትም። እጄን ከዱላዬ አላነሣም። ሽጉጡ በቀኝ፣ ፈቃዱ በግራ ኪሴ ነው። እርስዎው ያውጡት።»

እኔ ለኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ ተሳልኩ።

አባቴ ጠጋ ብሎ ጋቢውን ገለጠ። ሽጉጡን አወጣ፣ ጥይቱን አራገፈ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስዶ ቁጥሩን ከብረቱ ጋር አመሳከረ። ይህ ሰው ፊደል እየቆጠረ ነው እንዴ፣ አልኩ በሆዴ።

«ሕጋዊ ነው» አለ በመጨረሻ። «የመጡበትን አውቃለሁ። ሳልፈትሽዎ ያለዎትን ነገሩኝ፤ እንግዲህ በዚሁ አንደበትዎ የልጁን ገመና ይንገሩኝ።»

ይኼ ከፍተሻውም ባሰ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። አቶ ኃይለ ኢየሱስ ጣሪያውን አዩ፤ መሬቱን አዩ።

«ተኩስ ይፈራል» አሉ። «በእህቱ ሠርግ ጥይት ሲተኮስ ከጠላ ጋን ጀርባ ነው ያገኘነው።»

መንዝ ውስጥ ስለ ወንድ ልጅ እንዲህ ይባላል? ሊድሩኝ መጥተው ቀበሩኝ ብዬ በንዴት አለቀስኩ። አባቴ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል።

«የፖሊስ አማች ሆኖ ጥይት ፈሪ...»

እናቴ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። በሽማግሌ መሐል ሴት ስትገባ አይቼ አላውቅም።

«እሰይ!» አለች። «እኔ ትራስ ሥር ብረት ይዤ አረጀሁ። ድመት ኮሽ ባደረገች ቁጥር አንተ ሽጉጥህን ይዘህ ትነሣለህ፤ እኔም አብሬህ እባንናለሁ። ልጄ ብርነሽ እንኳ እንቅልፍ ትተኛ!»

አባቴ አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ከዚያ የአቶ ኃይለ ኢየሱስን ሽጉጥ ቁም ሳጥኑ ላይ አኖረው። የራሱንም ከወገቡ ፈትቶ ከጎኑ አስቀመጠ።

«ተቀመጡ» አለ።

ተቀመጡ። እኔም ጓዳው ውስጥ ዘጭ አልኩ።