የማራል ሦስተኛው ጥሪ

አባባ ዳምዲን የልጅ ልጃቸው የመጀመሪያ ፀጉር ቆረጣ ድግስ አይደረግም ብለው ድርቅ ያሉት በጉ ለእርድ ከተመረጠ፣ እንግዳውም ከተጠራ በኋላ ነበር።

«ስም የሌላትን ልጅ ፀጉር ማን ይቆርጣል?» አሉ።

«ስሟ ማራል ነው አባዬ! እርስዎው አይደሉ እንዴ ያወጡላት?» አለች ልጃቸው ሳራንጎ፣ የሕፃኗ እናት።

«ጆሮዋ ሥር ሦስት ጊዜ አንሾካሾክሁላት። ሰማች? አልሰማችም። ስለዚህ ስሟ እስከ ዛሬ እኔው ጋ ነው ያለው።»

ሲሰሙት እብደት ቢመስልም ሽማግሌው ወግ አዋቂ ናቸው። በነሱ አገር ሕፃን ስሙን የሚያገኘው ትልቅ ሰው ጆሮው ሥር ሦስት ጊዜ ሲያንሾካሹክለት ነው። ዳምዲን ይህን ያደረጉት ማራል እንደተወለደች ነበር፤ እንደማትሰማ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ለማን ነበር ታዲያ ያንሾካሾኩት? ይህ ነገር አንጀታቸውን ሲበላው ከረመ። አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ በሁለቱም ጆሮዋ የመስሚያ መሣሪያ አድርጋለች። መምህርት ቦሎርማም በየሳምንቱ ከከተማ እየመጣች ቤተሰቡን ታስተምራለች። ልጅቷማ ትጫወታለች፤ የአያቷን ቁጣ የሚቀምሱት ትልልቆቹ ናቸው።

ትምህርቱ ቀላል ነው። ድስት ሲንኳኳ፣ ውሻ ሲጮኽ፣ ሁሉም ጣቱን ጆሮው ላይ አድርጎ «ሰማሁ!» ይላል። ዳምዲን ብቻ «ፍየሎቹ እንዲስቁብኝ ነው?» ብለው አሻፈረኝ አሉ። እሳቸው የያዙት ስሙን እንደ አዲስ የመስጠት ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ እንደ ወጉ ሊያንሾካሹኩ ተጠጉ። ከንፈራቸው ጆሮዋ ጋ ሲደርስ መሣሪያው «ሲይይይ!» ብሎ አፏጨ። ሽማግሌው ዘለው ከምድጃው ጋር ሊላተሙ ምንም አልቀራቸውም።

«አፏጨችብኝ!»

«መሣሪያው ነው አባባ፤ በጣም ሲጠጉት ያፏጫል» አለች ቦሎርማ ሳቋን አፍና።

ቀጥሎ ራቅ አሉና ፈረስ ከተራራ ማዶ በሚጠሩበት ድምፅ «ማራል!» አሉ። ልጅቷ አለቀሰች፤ ደጅ ያሉት ፍየሎችም ተበተኑ።

«እንዲያው እንደ ሰው ቢያናግሯት ምናለ?» አለች መምህርቷ። «ደግሞ ልፈትናት ብለው አይጥሯት። የሚነግሯት ነገር ሲኖርዎት ይጥሯት።»

«የምነግራት ነገር ስሟ ነዋ!»

በስንት ልመና ድግሱ ሆነ፤ ግን ስሙ መቅደም አለበት። ድንኳኑ በእንግዳ ጢም ብሏል። መቀሱ ሰማያዊ ሐር ታስሮበት ሳሕን ላይ ተቀምጧል። ዳምዲን ሳምንቱን ሙሉ የተለማመዱትን ድምፅ አስተካክለው፣ የሱረት ብልቃጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ልጅቷ ፊት ተቀመጡ።

«ማራል» አሉ ረጋ ብለው። ልጅቷ የሐሩን ጫፍ ትጎትታለች።

«ማራል።» ቀና እንኳ አላለችም።

አንዲት አክስት ከንፈሯን መጠጠች። ያቺ ድምፅ ዳምዲንን እንደ እሾኽ ወጋቻቸው። ሦስተኛውም እንዲሁ ቢያልፍስ? ይህ ሁሉ ሰው እያየ? ፈሩ፤ በእውነት ፈሩ።

«ሦስተኛውን አልሰጥም!» አሉ።

«አባዬ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ እኮ!»

«ይቀዝቅዝ!»

«በሉ እንግዲህ ፀጉሯ መሬት እስኪጠርግ ቁጭ እንበል» አለ አንድ ጎረቤት፤ እንግዳው ሳቀ። ዳምዲን ሊመልሱለት ዞር ሲሉ ጉልበታቸው ላይ የነበረው ብልቃጥ የለም። ማራል ይዛው ወደ በሩ ትውተረተራለች፤ ክዳኑን እየከፈተች ወደ አፏ ልታስጠጋው ነው።

«ማራል! ተይ፣ እሱ አይበላም!»

አላንሾካሾኩም፣ አልጮኹም። እንዲያው እንደ ሰው ነበር የተናገሩት።

ልጅቷ ጀርባዋን እንደሰጠች ቆመች። ዞረች። አያቷን ትክ ብላ አየችና ባዶ እጇን አንሥታ ጣቷን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

የዳምዲን እንባ በሰው ፊት ጢማቸው ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትም። ፍየሉም ይሳቅ ብለው እሳቸውም ጣታቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«ሦስት ሆነ!» አለች ሳራንጎ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «በሉ መቀሱን ያንሡ።»

«ቆይ እስቲ። ማራል፣ ብልቃጤን አምጪ።»

ማራል ብልቃጡን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችና ራሷን ነቀነቀች።

«አያችሁ?» አሉ ሽማግሌው ወደ እንግዶቹ ዞረው፣ ደስታቸውን መያዝ እያቃታቸው። «ሰምታ እኮ ነው እምቢ ያለችኝ!»