ጳውሎስን ያስመሰከርሁ ዕለት

ደቀ መዛሙርቴ ቁጡ ነው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ትርጓሜ የሚዘል ተማሪ ሳይ ደሜ ይፈላል። ግን እኔም ራሴ የምዘላት አንዲት ቦታ አለች። የጳውሎስን መልእክታት ሳስተምር ገላትያ ላይ እደርሳለሁ፤ ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ፣ የሚያውቁት ሰዎች ሲመጡ ከማዕድ ወደሸሸባት ቦታ። ያኔ ለአንዱ ጎበዝ ተማሪ «አንተ ቀጥልላቸው» ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ሽንት የያዘኝ ይመስላቸዋል። የያዘኝ ኀፍረት ነው።

ነገሩ የሆነው በ1992 ዓ.ም. ነው። በመንዝ በልጉ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ቀርቶ፣ ሰው ለእርዳታ ስንዴ መሐል ሜዳ ድረስ ሄዶ የሚሰለፍበት ጊዜ ነበር። እኔ የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ነበርሁ። ከዘመሮ ብዙ በማይርቅ ደብር፣ ከየኔታ አትናቴዎስ ዘንድ የጳውሎስን ትርጓሜ እማር ነበር። የኔታ ዓይናቸው ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ አሥራ አራቱን መልእክታት ግን ከነትርጓሜያቸው በቃላቸው ይዘዋል። እኛ ተማሪዎች እንደ ወጉ ለምነን ነው የምንኖረው። ጠዋት ጉባኤ እንውላለን፤ ከሰዓት አኩፋዳችንን በትከሻችን አንጠልጥለን በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እንላለን።

እያንዳንዳችን የየራሳችን መንደር ነበረን፤ አንዱ በሌላው መንደር አይለምንም። የእኔ ከወንዙ ማዶ ያለው ነው። በመንደሩ ዳር፣ የሸክላ አፈር ከሚቆፈርበት ገደል አጠገብ፣ እማማ ኮከቤ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ከልጅ ልጃቸው ከሰርካለም ጋር ይኖሩ ነበር። ዛሬ «እማማ» እላለሁ። ያኔ የእናቴን እኩያ «አንቺ» ነበር የምላቸው፤ ሠሪ ናቸዋ! እኛ አገር እንስራውን ከእጃቸው ገዝተን ውኃ እንጠጣበታለን፣ በምጣዳቸው እንጋግራለን፤ በእጃቸው የጋገሩትን ግን አንቀምስም። ቡዳ ናቸው እንላለን። ይህን የሚለው ያልተማረ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔም የሐዋርያውን መጽሐፍ በብብቴ ይዤ እል ነበር።

በዚያ ክፉ ዓመት የየደጁ መልስ «እግዜር ይስጥህ» ሆነ። የለም ማለት ነው። እማማ ኮከቤ ግን አንድም ቀን ባዶዬን አልሰደዱኝም። አንድ ቀን ግማሽ የገብስ ቂጣ፣ ሌላ ቀን ሩቧን፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ይወጣሉ። እጃቸው እንዳይነካኝ አኩፋዳዬን ከፍቼ «ጣይው» እላለሁ። ከዚያ ምርቃቱን አዥጎደጉደዋለሁ፤ ምርቃት እንኳ አልሰስትም። ወንዙን ከተሻገርሁ በኋላ አስታ ቁጥቋጦው ውስጥ አንዲት የድንጋይ ስንጥቅ አለች። እዚያ ስደርስ ግራ ቀኙን አይና ቂጣውን እወረውራለሁ። ሆዴ እየጮኸ! ፍርፋሪው እንኳ እንዳይቀር አኩፋዳዬን ገልብጬ አራግፋለሁ። ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ትቀበላለህ ብትሉኝ፣ እምቢ ብላት ዓይኗን ትጥልብኛለች ብዬ ነው። ትዕቢተኛ ብቻ ሳይሆን ፈሪም ነበርሁ።

አንድ ቀን በጉባኤ ላይ የኔታ የጳውሎስን ታሪክ ሲያትቱ፣ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይበላ እንደነበር ነገሩን። ጓደኛዬ ፈንታ ብድግ አለና «የኔታ፣ እንግዲህ እንደኛ አገር ሠሪ ነበረ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጉባኤው በሳቅ አወካ። እኔ ተነሣሁና ያንን ያደረገው ለትሕትና እንደሆነ፣ ወገኑ ከብንያም ነገድ፣ ዜግነቱም ሮማዊ እንደነበር አራቀቅሁት።

«ልጄ፣ መርፌው ግን እጁን ይወጋው ነበር» አሉ የኔታ።

ነገሩ አልገባኝም፤ እንዲገባኝም አልፈለግሁም።

ምስክሬ፣ በየኔታ ፊት የምፈተንበት ቀን፣ ለሐምሌ አምስት ተቀጠረ። የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ነው፣ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት። ያስመሰከረ ተማሪ ለወንድሞቹ ጥቂት ነገር ማቅመሱ ወግ ነው፤ እኔ ግን እፍኝ ቆሎ እንኳ አልነበረኝም። ሌሎቹም ጾሙን በምን እንደሚፈቱ አያውቁም። ዝናቡ ይወርዳል። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው «ከገላትያ፣ ጴጥሮስን ስለ ማዕዱ የገሠጸበትን አውርድልን» አሉኝ።

አወረድሁት። የጴጥሮስን ፍርሃት፣ ሰው ሲመጣ እጁን ከወጭቱ መሰብሰቡን፣ ጳውሎስ በሰው ሁሉ ፊት እንደተቃወመው፣ በአንድም በአንድም እየለወጥሁ አምስት መንገድ አወጣሁለት። «ይበል! ይበል!» አለ ቤቱ። እንዲያ ተናግሬ አላውቅም።

ገና ሳልቀመጥ ከበራፉ ላይ «የኔታ፣ ይባርኩኝ» የሚል ድምፅ ሰማን። እማማ ኮከቤ ናቸው። ከእኔ በቀር በዚያ መንደር የሚለምን የለምና ከተማሪው ማንም አላወቃቸውም። እንቅብ በጆንያ ሸፍነው ተሸክመዋል፤ ከጣራው ክፈፍ ውጭ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆመዋል።

«ማን ነሽ?» አሉ የኔታ።

«ከወንዝ ማዶ ነኝ። ይሄ ተማሪ መንደሩ የሚሰጠውን ቂጣ ለክፉ ቀን ብሎ ከድንጋይ ሥር ሲያኖር አየዋለሁ። ቁራ እንዳይበላበት እያነሣሁ፣ ከቤቴ አደረቅሁለት። ዛሬ ያስመሰክራል ሲሉ ሰማሁና አመጣሁት።»

እንቅቡን ደፍ ላይ አስቀመጡ። ሙሉ ድርቆሽ ነው። እያንዳንዱን ቁራሽ አውቀዋለሁ። እማማ ኮከቤ አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝና፣ ጆንያውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ሄዱ።

የኔታ አለቀሱ። ከጠፋው ዓይናቸው እንባ ሲወርድ ያኔ ነው ያየሁት። «አያችሁ? ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች እርዳታ እንደ ሰበሰበ እኛ እናወራለን፤ ይሄ ልጅ እየተራበ ሰበሰበ!» አሉ። ከእንቅቡ መጀመሪያ ያነሡት እሳቸው ናቸው። ተማሪው ሁሉ ድርቆሹን በውኃ አርሶ፣ ጨው ነስንሶ ጾሙን ፈታ። ፈንታ ትከሻዬን ሳመኝ። እኔም በላሁ፤ ጣፈጠኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እያልሁ በላሁ። «ጥዬው ነው» ማለት ሁለት ቃል ነበር። አልወጣኝም። የኔታ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው «መምህር» አሉኝ።

በማግሥቱ ወንዙን ተሻግሬ እማማ ኮከቤ ቤት ሄድሁ። ጭቃ እያቦኩ ነበር። ሰርካለም ከጥግ ተቀምጣለች። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ እግሮቿ የአጃ አገዳ ያህላሉ። ከዚያ ቀን በፊት አይቻት የማውቅ አይመስለኝም።

«እማማ፣ መጣሌን ያውቁ ነበር?» አልሁ።

«ከመጀመሪያይቱ ቀን» አሉ፣ ከጭቃው ቀና ሳይሉ።

«ታዲያ ለምን ሰጡኝ?»

«በማርያም ስም ለመንኸኝ። ለማርያም ሰጠሁ።»

«ትናንትናስ? ለምን ሸሸጉልኝ?»

አሁን ቀና አሉ። «ላንተ ብዬ መሰለህ? ልጆቹ ተርበው ነበራ። ቂጣው የኔ፣ የሠሪዋ ነው ብል ማን ይበላው ነበር?»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ፈለግሁ፤ ግን አልወደቅሁም። ከዚያ ትልቅ የመሰለኝን ነገር ተናገርሁ። «ዛሬ ይስጡኝ። እዚሁ ፊትዎ ቁጭ ብዬ ልብላ» አልሁ። የምክሰው መስሎኝ ነው እንግዲህ። ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ አልጠየቅሁም።

እማማ ኮከቤ እጃቸውን ታጠቡ። ከሞሰባቸው ውስጥ አንዲት ሩብ ቂጣ አወጡ። ሌላ አልነበረም፤ ሲከፍቱት ታየኝ። ቢሆንም እጄን ዘረጋሁ፤ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ እጃቸው እጄን ነካኝ። መደቡ ላይ ተቀምጬ አንድ ጊዜ ቆረስሁና ጎረስሁ። ደስ አለኝ፤ ጳውሎስን ገና አሁን ያነበብሁት መሰለኝ።

«ቤቶች!» አለ ድምፅ ከውጭ። ወይዘሮ ዘነበች ናቸው፣ የደብራችን ቄስ ሚስት። ያዘዙትን እንስራ ሊወስዱ መጥተዋል።

እጄ ቂጣውን እንደያዘ ከለበስሁት ደበሎ ውስጥ ገባ። እኔ አላዘዝሁትም። አፌ ውስጥ ያለውን ሳላኝክ ዋጥሁ፤ ብድግ ብዬም ቆምሁ።

«እንዴ፣ መምህር! ከዚህ ቤት ምን ያደርጋሉ?» አሉ ወይዘሮ ዘነበች፣ አንዴ እኔን አንዴ መደቡን እያዩ።

«ለጉባኤው እንስራ ላዝዝ ብዬ ነው» አልሁ።

ጴጥሮስስ የሚገሥጸው ነበረው። እማማ ኮከቤ የወይዘሮ ዘነበችን እንስራ ከጥግ አነሡ፣ ስንጥቅ እንደሌለበት በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው አሰሙ፣ ሰጡ፤ ከዚያም ወደ ጭቃቸው ተመለሱ። እኔ «ደኅና ዋሉ» ብዬ፣ ቂጣውን እንደያዝሁ ጎንበስ ብዬ ወጣሁ። ሰርካለም እስከ በሩ ተከትላኝ መጣች። ከግቢው ስወጣ፣ ወንዙ ጋ ስደርስም ዞሬ አየኋት፤ ዓይኗን ከደበሎዬ ላይ አልነቀለችም።