ለልጅቷ አንቱ፣ ለእናቷ አንቺ

እኛ ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቱ ይባላል። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ፊቱ በብጉር ተሞልቷል፣ ካልሲውን ትናንት ያጠበችለት እናቱ ናት፤ አስተማሪው ግን በሩ ላይ ቆሞ "እንደምን አደሩ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ" ይለዋል። በተለይ ዶክተር ዛይፋንግ ነገሩን እንደ ቅዳሴ ነው የሚያከብረው። "ይህ የንግድ ትምህርት ቤት ነው" ይላቸዋል። "በንግድ ዓለም ማንም ሰው ሳይፈቅድ አንተ ተብሎ አይጠራም።" ልጆቹ ይሽኮረመማሉ፣ እርስ በእርስ እየተያዩ ይስቃሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት ይለምዱታል። እኔ ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብዬ ይህን ለሃያ ስድስት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስም ይለኝ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነኝ፤ ወይዘሮ ቬርሌ። የምስክር ወረቀቱን የምተይበው እኔ ነኝ፣ የጠፋውን ቁልፍ የማገኘው እኔ ነኝ፣ ፎቶኮፒ ማሽኑ ወረቀት ሲነክስ የምጮኽበትም እኔ ነኝ። ቁጡ ናት ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ባልቆጣ ኖሮ ይህ ቤት እስከ ዛሬ በወረቀት ተቀብሮ ነበር።

አሁን የምናገረው ስለ አርታ ሻላ ነው። አርታ አሥር ዓመት ሲሆናት አስተማሪዋ "ይህች ልጅ ለዩኒቨርሲቲ መንገድ አትሆንም" ብላ ፈርዳባት ዝቅተኛ ወደሚባለው ትምህርት ቤት ተላከች። የአሥር ዓመት ልጅ! ጥርሷን እንኳ ገና ቀይራ አልጨረሰችም። ከዚያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ ጉንዳን ስትወጣ ስትወርድ ቆይታ፣ ውጤቷን አስተካክላ እኛ ጋ ደረሰች። የእኛ ትምህርት ቤት ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች ነው የተሠራው፤ ሦስት ዓመት ከጨረሱ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። ግን የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ሙከራ ነው። በዋናው ትምህርት፣ በኢኮኖሚና ንግድ፣ አምስት ያገኘ ወዲያውኑ ይሰናበታል። አንድ ምርጥ ነው፣ አምስት መውደቅ ነው። የአርታ ዋና ትምህርት አስተማሪ ደግሞ ዛይፋንግ ነው።

እናቷ ሃቲጄ የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ናት። ከኮሶቮ ከመጣች ሃያ አምስት ዓመት አልፏታል፤ እኛ ጋ ከገባች ዘጠኝ። የዚህን የደቡብ አካባቢ ቀበልኛ፣ ሽቫብኛን፣ ከሰሜን ከሚመጡት አስተማሪዎች ሁሉ አሳምራ ትናገራለች፤ አንዳንዴ የአያቴን ቃላት ከእሷ አፍ እሰማለሁ። ማታ ማታ ቢሮዬን ልታጸዳ ስትመጣ ቅቤ የተቀባ ብሬዝሌን፣ ያንን እንደ ቋጠሮ የተጠማዘዘ ዳቦ፣ ለሁለት ቆርጬ እጠብቃታለሁ። "ሃቲጄ፣ ነይ ትንሽ ቅመሺ" እላታለሁ። "ያክብርልኝ ወይዘሮ ቬርሌ" ትለኛለች። ስለ ወገብ ሕመማችን እናወራለን፣ ስለ ልጆቻችን እናወራለን። ጥሩ ወዳጆች ነን።

በጥር ወር አንድ ማክሰኞ፣ በሁለተኛው የእረፍት ሰዓት፣ ኮሪደሩ በቀለጠ በረዶና በጨው ተጨማልቆ ነበር። የቀኑ ጽዳት ሠራተኛ ታማ ስለቀረች ሃቲጄን ቀን ጠርተናታል። ዛይፋንግ ከውጭ ገባ፤ ጫማው ትንሽ አዳለጠው። አልወደቀም፤ ቢወድቅ ኖሮ ምናልባት ደግ ይሆን ነበር። ዞር ብሎ ሃቲጄን አያትና እንዲህ አላት፦

"አንቺ! እዚህ ውሃ። መጥረግ። ቶሎ ቶሎ። ገባሽ?"

"መጥረግ" አላት። "ጥረጊ" እንኳ አላለም። ዶክትሬቱን የሠራ ሰው፣ የገዛ ቋንቋውን ሰባብሮ፣ ትናንት ከአውሮፕላን ለወረደ እንግዳ እንደሚናገር። ለምን? የምትሰማው ሴት ስሟ ሃቲጄ ስለሆነ! እሷ ግን መወልወያዋን ቀና አድርጋ፣ በጠራ ሽቫብኛ፣ "አሁን እጨርሳለሁ ዶክተር፤ ጨው ስላለበት ሁለቴ መወልወል አለበት፣ እንዳያዳልጥዎት" አለችው። ጫማውን አራግፎ ሄደ።

እኔ ቢሮዬ በር ላይ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አርታም ደረጃው ላይ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ቆማ ነበር። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። አንዱ ልጅ ሊያጽናናት ትከሻዋን ነካ አደረጋት፤ እጁን አራገፈችው።

ቀጥሎ በነበረው ክፍለ ጊዜ የሆነውን ልጆቹ ነገሩኝ፣ አርታም አልካደችም። ትምህርቱ ስለ ተቆጣ ደንበኛ አያያዝ ነበር። ዛይፋንግ እንደ ልማዱ ሸሚዙን አስተካክሎ፣ "አርታ፣ እርስዎ ቢሆኑ ለዚህ ደንበኛ ምን ይመልሱለታል?" ብሎ ጠየቃት። ብድግ አለች።

"በስሙ ጠርቼ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ" አለች። "አንተስ ምን ትለዋለህ? ደንበኛ። ማክበር። ገባህ?"

አንድ ልጅ ከድንጋጤ ብዛት ሳቀ። ዛይፋንግ መዝገቡ ላይ ጻፈና ትምህርቱን ቀጠለ።

ከዚያ ማክሰኞ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ሰኞ፣ የግማሽ ዓመቱን ውጤት መተየብ ጀምሬ ነበር። አርታ በጽሑፍ ፈተና ሦስት፣ በክፍል ተሳትፎ ሁለት አላት፤ እንዲያውም የሚያስመሰግን ነው። ዓርብ ዕለት ዛይፋንግ አዲስ ዝርዝር አመጣልኝ። የክፍል ተሳትፎው ስድስት ሆኗል። ከስድስት የባሰ ቁጥር የለንም። የሁለቱ አማካይ አራት ተኩል ነው፣ ሲጠጋጋ አጠቃላዩ አምስት ይሆናል፤ አምስት ማለት ደግሞ አርታ በየካቲት ትምህርት ቤቱን ለቃ ትወጣለች ማለት ነው።

ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ይዤ አስተማሪዎች ክፍል ገባሁ። የአምስት ወር ተሳትፎ በአንድ ሰዓት እንዴት ስድስት ይሆናል ብዬ ጠየቅኩት። ለደንበኛ የሚደረግ አነጋገር የትምህርቱ አካል ነው፣ ልጅቷ በዚያ ምንም እውቀት እንደሌላት አሳይታለች አለኝ። ለጠባይ የተለየ ውጤት አለ፣ ጠባይዋን እዚያ ላይ ይቀንሱ እንጂ በእውቀቷ ለምን ይቀጧታል ልለው ስል ፈገግ ብሎ፣ "ወይዘሮ ቬርሌ፣ እርስዎ ይተይቡልኝ" አለኝ። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው! ሲገፋህም አንቱ እያለ ነው።

አልተየብኩም። ወደ ርእሰ መምህሩ ወደ አቶ ኩርፌስ ሄድኩ። አቶ ኩርፌስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው። ከበላይ መሥሪያ ቤት ፖስታ በመጣ ቁጥር ከመክፈታቸው በፊት መነጽራቸውን ሦስቴ ይወለውላሉ። ኮሪደሩ ላይ በጆሮዬ የሰማሁትን ነገርኳቸው። አቶ ኩርፌስ ተነፈሱና፣ ረቡዕ ሁላችንም እንቀመጥ፣ እናትየውም ትጠራ፣ ቃለ ጉባኤውን እርስዎ ይያዙ አሉ።

ረቡዕ ሃቲጄ የክት ካፖርቷን ለብሳ መጣች። ዛይፋንግ ከወንበሩ ተነስቶ እጇን ጨበጠና "ወይዘሮ ሻላ፣ እንደምን ዋሉ፣ ይቀመጡ" አላት። ይችላል ማለት ነው! ካፖርት ለብሳ ስትመጣ ይችላል፣ መወልወያ ስትይዝ ነው ምላሱ የሚተሳሰረው። ብዕሬን ወረቀቱ ላይ እንዴት እንደተጫንኩት ቀዳዳው እስከ ዛሬ ይታያል።

አቶ ኩርፌስ ነገሩን ሲያስረዱ ሃቲጄ ቁጭ ብላ አዳመጠች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ በአልባንኛ አጭር ነገር ተናገረች። አርታ ወደ ዛይፋንግ ዞረችና፣ "አንተ ስላልኩዎት ይቅርታ" አለች። ለእኔ በቂ ነበር። ለዛይፋንግ ግን አልበቃውም፤ ይቅርታውን እቀበላለሁ፣ ውጤቱ ግን ውጤት ነው፣ አይለወጥም አለ። አርታ ያኔ እናቴንስ ማን ይቅርታ ይጠይቃታል ብላ ጠየቀች።

"ምን አድርጌያቸው ነው ይቅርታ የምጠይቃቸው?" አለ ዛይፋንግ። "እዚህ ቤት ሁሉም ሰው እኮ አንቺ ነው የሚላቸው። ልማድ ነው። ወይዘሮ ቬርሌን ይጠይቁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ 'ሃቲጄ፣ ነይ' ሲሉ እሰማቸዋለሁ። ለእሳቸው ስድስት የሰጣቸው አለ?"

አቶ ኩርፌስ ወደ እኔ ዞሩ። "እውነት ነው ወይዘሮ ቬርሌ?"

ብዕሬ ቆመ። የእኔማ ሌላ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። የእኔ ከፍቅር ነው፣ ብሬዝል እናካፍላለን፣ ስለ ወገባችን እናወራለን። ሃቲጄ ራሷ እንድትመሰክርልኝ ዓይን ዓይኗን አየኋት። እሷ ካፖርቷ ላይ የወጣውን ክር በጣቷ እየጠቀለለች ቀስ ብላ ተናገረች።

"ወይዘሮ ቬርሌ ደግ ሰው ናቸው። ዘጠኝ ዓመት አንቺ ብለውኛል። አንድ ቀን ግን አንቺ በይኝ አላሉኝም። ደግሞ በአምስት ዓመት እበልጣቸዋለሁ፤ እዚህ አገር ደግሞ በዕድሜ የሚበልጠው ነው የሚፈቅደው። እኔን የጠየቀኝ የለም።"

ይህን የምታነቡ ልብ ብላችሁ ይሆናል። አቶ ኩርፌስን "አሉ" እያልኩ፣ ሃቲጄን "አለች" እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት። እኔ ልብ አላልኩም ነበር። በዛይፋንግ ስቆጣ ሰንብቼ፣ ቁጣዬ ጭኔ ላይ እንደ ፈላ ሾርባ ተደፋብኝ። አፈርኩ። ከእፍረቱ የባሰው ግን ይህ ሰው የእኔን ብልግና ጋሻ አድርጎ ልጅቷን ሊያስወጣት መሆኑ ነው።

"እናትየዋ እውነታቸውን ነው" አልኩ ለአቶ ኩርፌስ። "ዶክተር ዛይፋንግ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ አንቺ ሲሏቸው ሰምቻለሁ። እኔም ዘጠኝ ዓመት ብያቸዋለሁ። ልማድ ከሆነ ልጅቷ የተከተለችው የቤቱን ልማድ ነው። ጥፋት ከሆነ ደግሞ ከእኔ ይጀመር፤ የእሷ የአንድ ሰዓት ነው፣ የእኔ የዘጠኝ ዓመት።" ይህንን እየተናገርኩ እጄ ይጽፍ ነበር።

አቶ ኩርፌስ መነጽራቸውን አወለቁ። "ይሄ ሁሉ ቃለ ጉባኤው ላይ መግባት አለበት?"

"ገብቷል" አልኩ። "የእኔም ስም አለበት።"

መነጽሩን መወልወል ጀመሩ፤ የበላይ መሥሪያ ቤት ያሉት ሰዎች ወረቀቱን ሲያነቡ እየታያቸው ነበር። ጨርሰው ሲያጠልቁት፣ ጠባይ በጠባይ ውጤት ይመዘናል፣ የክፍል ተሳትፎው ወደ ሁለት ይመለስ፣ አርታ ትቀጥላለች አሉ። በጠባይዋ ግን ተቀነሰባት። ለዛይፋንግ የጠባይ ውጤት የሚሰጥ መዝገብ የለንም። ወረቀቶቹን ሰብስቦ ሲነሳ፣ "ተገቢ ያልሆነ አነጋገር ተፈጥሮ ከሆነ አዝናለሁ" አለ፤ ማን እንደፈጠረው አልተናገረም፣ ለማን እንደሚያዝንም አልተናገረም። አርታ በዓይኗ እስከ በሩ ሸኘችው። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ተኩል ሰውዬው ፊት ነው የምትቀመጠው።

እናትየዋን ኮሪደሩ ላይ ሮጬ ደረስኩባቸው። አዎ፣ ደረስኩባቸው። ካፖርታቸውን እየቆለፉ ነበር። ምን እንደምል አላሰብኩም፤ የመጣልኝን ተናገርኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ስሜ አኔግሬት ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ እርስዎም አንቺ ይበሉኝ አልኳቸው። እጄን ዘረጋሁ። እንደዚያ ካደረግን በኋላ ሁሉም ነገር የሚስተካከል፣ ማታም እንደ ወትሮው ብሬዝሉን የምንካፈል መስሎኝ ነበር።

እጄን ጨበጡኝ፤ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አይ፣ ወይዘሮ ቬርሌ" አሉኝ። "ለልጄ ስለተናገሩላት እግዜር ይስጥልኝ። አንቺ መባባሉ ግን ይቆየን። መጀመሪያ እርስዎም ዘጠኝ ዓመት እርስዎ ይበሉኝ፤ ከዚያ እናያለን።"

የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፉ።

"እሺ፣ ወይዘሮ ሻላ" አልኩ፤ የቤተሰብ ስማቸውን ፊት ለፊታቸው ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር።