ሳይቀዘቅዝ የተከደነው ጣሳ

በዘማቾች መታሰቢያ ቀን ዋዜማ የአጃና የኮኮናት ብስኩት መጋገር ከጀመርሁ አምሳ ዓመት አልፎኛል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድም ጊዜ ለስላሳ ብስኩት ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም። የእናቴ ሥርዓት ግልጽ ነበር። ብስኩቱ ባሕር ተሻግሮ ለዘማች የሚደርስ ስለሆነ እንቁላል አይገባበትም፤ ሲሰብሩት ካልጮኸም ብስኩት አይባልም። ኮኮናት የተጨመረው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በሥርዓቱ ላይ ከተደረጉት ለውጦች ይቅር ያልሁት እርሱን ብቻ ነው።

ታናሽ እህቴ ኢና ግን ለስላሳውን ትጋግራለች። ወንድማችን ሄክተር ይወድ የነበረው ለስላሳውን ነው ባይ ናት። ሄክተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917 ፈረንሳይ ምድር ላይ ቀረ። የመጨረሻ ደብዳቤው «የብስኩቱ ጣሳ ደርሶኛል፤ እንደዚህ የጣፈጠ በልቼ አላውቅም» ይላል እንጂ ስለ ድርቀትም ሆነ ስለ ልስላሴ አንዲት ቃል የለውም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በከተማችን በኦዋካ አዳራሽ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ኢና ተነሥታ «የሄክተርን ጥርስ የሰበረው ጠላት እንዳይመስላችሁ፤ የእትዬ ብስኩት ነው» አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የሳቁት ፊደል ያስቆጠርኋቸው ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እህቴን አላነጋገርኋትም፤ እርሷም እትዬ ብላ አልጠራችኝም።

ዘንድሮ ኢና ቤቷን ሸጣ በመጪው ቅዳሜ ልጇ ዘንድ ወደ ሩቁ ኦክላንድ ልትሄድ መሆኑን ሰማሁ። እኔ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እርሷ ሰባ ሦስት። ነገ በመታሰቢያው ቀን በአዳራሹ ካልታረቅን ሌላ ነገ የለንም። እርቁን እፈልገዋለሁ፤ አንገት መድፋት ግን አላውቅበትም።

ይህን እያወጣሁ እያወረድሁ ቅቤውንና ወርቃማውን የሸንኮራ ሽሮፕ አንድ ላይ አቀለጥሁ። የመጋገሪያውን ሶዳ በፈላ ውኃ በጥብጬ ስጨምርበት ድብልቁ እንደ ባሕር አረፋ ገንፍሎ ተነሣ። በአረፋው ውስጥ መርከብ ያየሁ መሰለኝ። ኢና ወደቡ ላይ ክንዴን ይዛ መሐረብ ታውለበልባለች፤ የሄክተር ቆብ ከብዙ ቆቦች መካከል እየራቀ፣ እየራቀ፣ የአጃ ፍሬ ያህላል። አጃውንና ኮኮናቱን እንዴት እንደለወስሁ፣ ትሪውን መቼ ከምድጃው እንዳወጣሁ አላስታውስም። የመጸው ፀሐይ በመስኮቱ ቀልጣ ትፈስሳለች። ሄክተር ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ጫማው ላይ የባሕር ዳር አሸዋ አለ። «ደረሰልኝ?» ይለኛል። «ደርሷል» አልሁት፤ ጣሳውንም ከደንሁ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በዘማቾቹ ሐውልት ሥር መለከት ተነፋ። ከዚያም ወደ አዳራሹ ገባን። ሻይ የምትቀዳው ዶሪን ጣሳዬን ተቀበለችና «ወይዘሪት ኤልስፔት፣ ዘንድሮም መዶሻ ላምጣ?» አለችኝ። ክዳኑን ከፍታ አንዱን አነሣች። ብስኩቱ በጣቶቿ መካከል ጎበጠ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሳይቀዘቅዝ ከድኜዋለሁ፤ በገዛ እንፋሎቱ ላልቷል።

ኢና አጠገቧ ቆማ ነበር። ከዶሪን እጅ ወስዳ ቀመሰችውና ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ለኔ ብለሽ ነው ያለሰለስሽው?»

በአዎንታ ራሴን ብነቀንቅ እርቁ በዚያው ይወርድ ነበር። ዳሩ ግን ላልሠራሁት ሥራ ማርክ ተቀብዬ አላውቅም።

«አይደለም» አልሁ። «ተሳስቼ ነው። ትኩሱን ከደንሁት።»

«ምን አልሽ? እስቲ ድገሚው።»

«ተሳስቻለሁ አልሁሽ። ጆሮሽ ደነቆረ እንዴ?»

«ዶሪን፣ ሰማሽልኝ? ሰባ ሦስት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ናት!» ኢና እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። «ገና ስነክሰው አውቄዋለሁ እኮ። ይሄ የላቦት እንጂ የሙያ ልስላሴ አይደለም።»

«ታዲያ አውቀሽ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ትዋሺ እንደሆን ልይ ብዬ ነዋ።» ከዚያ ሳቋ ረገበ። «የሄክተርንም ጣሳ ትኩሱን ነው የከደንሽው። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ሲል አጣድፈሽን፣ ጣሳው ላይ ክሩን ስጠመጥም ቆርቆሮው ጣቴን አቃጥሎኛል። ለስላሳውን ወዶታል የምለው ታዲያ ከሜዳ ተነሥቼ መሰለሽ?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ጣሳው፣ ክሩ፣ የልጅነት ጣቷ፣ ሁሉም እንደ ሕልም ተመለሱልኝ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተሳስተሻል ብዬ? አንቺን? ማን ደፍሮ!»

ዶሪን ሁለት ስኒ ሻይ በመካከላችን አስቀምጣ ሄደች። እህቴ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ከተጣበቁት ብስኩቶች ሁለቱን አላቅቃ አንዱን ሰጠችኝ። በልቼው ጨረስሁ። ጥሩ ነበር፤ ይህን ግን ጮክ ብዬ አልተናገርሁም።

«ለቅዳሜ የመንገድ ስንቅ እጋግርልሻለሁ» አልኋት።

«ደረቁን እንዳይሆን ብቻ፤ ያሉኝ ጥርሶች አራት ናቸው።»

«ትኩሱን እከድነዋለሁ።»

«ክሩን እኔ እጠመጥመዋለሁ፣ እትዬ» አለች።