የሚስቴ ቡሎን

እኔ ማመስገን የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ለቁጣ አፌ ፈጣን ነው፤ ምስጋና ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ይህን የምለው ልኮራበት አይደለም። ከትንሿ ጣቴ በማትበልጥ ቡሎን የተነሳ የሆነውን ላወራችሁ ስለሆነ፣ አስቀድማችሁ እወቁኝ ብዬ ነው።

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ነዳሁ። ቤቴ የማድረው በወር ሁለት ቀን ነበር። ልጆቼ ሻንጣዬን ሲያዩ "እንግዳው መጣ!" እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፣ ውስጤ ግን ያራል። በኋላ ወገቤ አመፀብኝና ሥራውን ተውኩ። አንዲት ያረጀች ፒክአፕ ገዝቼ እዚሁ ሰፈር ዕቃ ማመላለስ ጀመርኩ። ተመስገን፣ ከእንግዲህ በየማታው ከሚስቴ ጋር አንድ ገበታ ልቀርብ ነው ስል፣ የእሷ የዝውውር ደብዳቤ ከተፍ አለ።

ሚስቴ ነርስ ናት። የመደቧት ከወንዙ ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ወንዙ ድልድይ የለውም። የሰው ጭንቅላት በሚያካክል ድንጋይ ላይ ነው የሚታለፈው፤ አውቶቡስ ዝር አይልም። ከደብዳቤው ጋር አንድ ቁልፍ ሰጧት፤ እዚያው ግቢ ውስጥ የሠራተኛ ክፍል። የሚይዘው አንድ አልጋ ነው። ልጆቹ ደግሞ የሚማሩት እዚህ ነው። ቁልፉን ወጥ ቤት ምስማር ላይ ሰቀለችው። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። አስራ አንድ ዓመት እኔ እንግዳ ሆኜ፣ አሁን ደግሞ እሷ?

"ጠዋት አደርስሻለሁ፣ ማታ እመልስሻለሁ" አልኳት።

"በዚህች? ሆዷ መሬት ይልሳል እኮ!"

እውነቷን ነው። አንድ ቀን ሞክሬ ድንጋዩ ከሥር ፍቆ ፍቆ ሊጨርሰኝ ነበር። ትልልቅ ጎማ ገዛሁ። እሱ ሲገጠም ደግሞ መሪ ባዞርኩ ቁጥር ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ይፍቃል። መላው፣ ቦዲውን ከተሸከመው ብረት፣ ከሻንሲው፣ ላይ ከፍ ማድረግ ነው፦ በሁለቱ መሃል የሚገቡ የጡጫ ቁመት ያላቸው ድፍን መደገፊያዎች፣ ረጃጅም ቡሎኖች፣ ለመሪው ዘንግ ደግሞ አንዲት መቀጠያ ብረት። ሁሉም በአንድ ካርቶን ይሸጣል። ታዲያ ጋራዥ አስገባ አሉኝ። እኔ? እጄ እያለ!

ሰኞ ሥራ ትጀምራለች፤ እኛ ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ተያያዝነው። የሚያግዘኝ የሚስቴ ወንድም ነው። በያጅ ነው፤ "ዝምተኛው" እንለዋለን፣ ከተወለደ ጀምሮ አፉን ገጥሞ አያውቅማ።

የእሱና የሚስቴ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መካኒክ ነበሩ። በጋራዣቸው አንድ ሕግ ነበር፤ ቡሎን የፈታ ሰው ራሱ ያስራታል፣ ሌላ ሰው አይነካትም። እሳቸው ዘንድ "አሰርኩልህ" ማለት ስድብ ነው። ልጆቻቸው ይህን ሕግ እንደ ርስት ወርሰውታል። እንዲያውም አንድ ጊዜ ሚስቴ የፈታችውን የቁም ሳጥን ማጠፊያ እኔ አሰርኩላት፤ ፈትታ እንደገና ራሷ አሰረችው። ጉድ በሉ!

እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ ገባን። ባትሪውን ነቀልን፣ ሲነሳ የሚወጠረውን ቱቦና ሽቦ ሁሉ አላላን፣ ቡሎኖቹን ፈታን። ካቢናው እንዳይጎደጉድ በክሪኩ ላይ ጣውላ ጣልንበት።

"ጋሼ፣ ቀስ እያልክ" ይለኛል ከማዶ። "ወገብህ ደግሞ ቢያምፅ አንተን የሚያነሳ ክሪክ የለኝም።"

"አንተ አፍህን ትተህ እጅህን አንቀሳቅስ!"

እንዲህ እየተባባልን የመሪው ዘንግ ላይ ደረስን። ዘንጉን የምትይዘው ቡሎን ጠባብ ጥግ ውስጥ ተወሽቃለች። የእኔ እጅ አልገባ አለ። የእሱማ እጅ አይደለም፣ አካፋ ነው። ስንራገም ሚስቴ እጇን በፎጣ እያደራረቀች መጣች።

"እስቲ ዞር በሉ።"

የአራስ ልጅ ደም ሥር ፈልጋ የምታገኝ እጅ ናት፤ ሹልክ ብላ ገባች። ቡሎኗን ፈታች፣ ቦዲውን ትንሽ ስናነሳላት መቀጠያዋን መሃል አስገባች፣ ቡሎኗንም በጣቷ ብቻ አስጀመረቻት። "አሁን ካጠበቅኳት ቦዲው ሲያርፍ ዘንጉ ይጣመማል። መደገፊያው ላይ ካረፈ በኋላ እኔው አጠብቃታለሁ" አለች። ገና ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ጎረቤታችን እየጮኸች ገባች፤ ልጇ አፍንጫው ውስጥ ባቄላ ከቷል። ሚስቴ ተከትላት ሮጠች።

እኛ ቀጠልን። መደገፊያዎቹን አስገባን፣ ቦዲውን አሳረፍን፣ እያንዳንዳችን የፈታናትን አሰርን። ባትሪውን መልሰን ዕቃ ስንሰበስብ፣

"ሁሉም ታሰረ?" አልኩ።

"የእኔ ታስሯል" አለ ዝምተኛው።

"የእኔም ታስሯል።"

ሁለታችንም አልዋሸንም።

እሁድ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞርኩባት። ጎማው አይፍቅም፣ መሪው ቅቤ ነው። ከላይ ሆኜ የጎረቤቱን አጥር ውስጥ ሁሉ ሳይ ደረቴ ተነፋ። ስመለስ ሚስቴ በር ላይ ቆማ ዩኒፎርሟን እየተኮሰች ነበር፤ ቀና ብላ አየችና "ጎሽ" አለችኝ። ጎሽ! ቀኑን ሙሉ ወገቤን የሰበርኩት ለአንዲት ጎሽ ነው? ራት ላይ አኮረፍኩ። ልብ ብላም አላየችኝ፤ ስለ ባቄላው ለልጆቹ እያወራች ታስቃቸዋለች።

ሰኞ ሲነጋጋ ተነሳን። ከወጥ ቤት ስትወጣ ምስማሩ ባዶ ነበር።

"ቁልፉን ምን ልታደርጊው ያዝሽው?"

"ምናልባት ካላለፈች ብዬ ነው።"

"ታልፋለች አልኩ አይደል!" ጮህኩ። የመኪናውን በር ይዛ ወደ ላይ ስትሳብ "መሰላሉንስ መች ትገዛለህ?" ብላ ሳቀች። እኔ ኩርፊያዬን ይዤ ሞተር አስነሳሁ።

ከግቢ ወጥተን መታጠፊያው ጋ ስንደርስ እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው።

"አቁም።"

"ደግሞ ምን ረሳሽ?"

"ያቺን ቡሎን ማን አጠበቃት?"

"የቷን?"

"የመሪውን። የእኔን።"

"ሁሉም ታስሯል!" አልኩ፣ አሁንም በጩኸት።

"እኮ ማን አሰራት?" አለች ዝግ ብላ።

ቡሎኗ የዝምተኛው አይደለችም፣ የእኔም አይደለችም። ባለቤቷ ባቄላ ልታወጣ ሄዳ ነበር። እኛ ደግሞ፣ በሕጋችን መሠረት፣ ያልፈታናትን አልነካንም።

ወርጄ ኮፈኑን አነሳሁ። ሚስቴ ነጭ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ሰደደች። ወዲያው መለሰችው። ቡሎኗ መዳፏ ላይ ነበረች፤ መፍቻ እንኳን አላስፈለጋትም። ከፊታችን መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፣ እስከ ወንዙ ድረስ። እዚያ መሃል መሪው በእጄ ላይ ዝም ብሎ ቢዞርስ? የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ታልፋለች እያልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ እኮ። ይዣት ልገባ የነበርኩት እኔ ነኝ።

"የአስራ ሁለት መፍቻ አቀብለኝ" አለች።

አቀበልኳት። ቡሎኗን መልሳ ሲጥ እስክትል ድረስ አጠበቀቻት። እኔ መሪውን ይዤ ግራ ቀኝ አወዛወዝኩ፤ የአንዲት ፀጉር ክፍተት የለም። ከዚያ ያንን የክሪኩን ጣውላ ከኋላ አውጥታ መሬት ላይ ጣለችና ዩኒፎርሟ ላይ የሥራ ካፖርቴን ደርባ ከሥር ገባች። የእኔን ቡሎኖች አንድ በአንድ ልትፈትሽ! ሌላ ቀን ቢሆን ሰፈሩን በጩኸት አናጋው ነበር። ያን ቀን የእጅ ባትሪ አበራሁላት። አንደኛዋ ሩብ ዙር ዞረችላት። ሚስቴ አጠበቀቻት፤ እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

"አባባ ሕጉን ሲያወጣ አንድ ነገር ረስቷል" አለች እየወጣች። "የፈታ ይሰር፣ ደግ። ግን ሌላ ሰው ይይለት።"

ወንዙ ጋ ስንደርስ በአንደኛ ማርሽ ገባሁ። ያ ሲጠርበኝ የነበረው ድንጋይ ከሥራችን ድምፁን ሳያሰማ አለፈ። ውኃው ጎማው ላይ ተንቦራጭቆ ቀረ፣ ማዶ ወጣን። ሚስቴ ጭብጨባዋን አቀለጠችው።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ በር ላይ ጠበቁን። "እንኳን ደህና መጣሽ፤ ክፍልሽን አስጠርገንልሻል" አሏት። ከቦርሳዋ ቁልፉን አወጣችና በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

"ለሌላ ሰው ይስጡት፣ ጌታዬ። እኔ ከቤቴ ነው የምመላለሰው።"

እሳቸው ገባ እንዳሉ በመኪናው መስኮት ጠራኋት።

"ምነው?"

"አመሰግናለሁ" አልኩ። "ለቡሎኗም። ለአስራ አንዱ ዓመትም። ብቻሽን ስላሳደግሻቸው።"

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ጎማው ላይ ተንጠላጥላ መዳፏን ግንባሬ ላይ አሳረፈች።

"ትኩሳት አለህ እንዴ?"

ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶት ነበር። "አስራ አንድ ሰዓት ላይ ና" ብላኝ እጇን ልትታጠብ ገባች።

ስመለስ ዝምተኛው ግቢ ውስጥ ጠበቀኝ። የሆነውን ነገርኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አጥቶ ተቀመጠ። ቆይቶ ቀና አለና፣

"ጋሼ፣ ግንባርህ ላይ ግሪስ አለ" አለኝ።

"ተወው" አልኩት።

ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ጤና ጣቢያው በር ላይ ነበርኩ።